ጅማ ላይ በፓርት ታይም መጽሐፍ መደርደር፦ የጠፋው መጽሐፍ ከደሞዜ ይቆረጣል?

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 9፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እዚሁ ጅማ ሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ነን ካፌ (የግቢውን ምግብ ትቶ ብር የሚቀበል ተማሪ) ስለሆንኩ የምትሰጠን ብር ወሩ ሳይጋመስ ታልቃለች። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከግቢ ውጭ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በፓርት ታይም መጽሐፍ እደረድራለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ አትጠይቁኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 2። ስቀጠር «የተመለሰውን ቦታው ትመልሺያለሽ፣ በቃ» ነው የተባልኩት።

በቃ አይደለም። ስደርስ የተመለሰው ከሰርኩሌሽን (መጽሐፍ ማዋሻና መመለሻ) ጠረጴዛ ኋላ ተከምሮ ይጠብቀኛል። በቁጥሩ እየለየሁ ጋሪ ላይ እጭናለሁ። ጋሪው በስም አራት ጎማ አለው። የአንዱ ላስቲክ ካለቀ ቆይቷል፤ ብረቱ ሴራሚኩን ሲነካ ሲጥጥ ይላል፣ ስፔስ (ለጥናት) የገባው ተማሪ በሙሉ ቀና ብሎ ያየኛል። መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ መጽሐፉን በክንዴ ታቅፌ እመላለስ ነበር። የሕክምና መጽሐፍ ታቅፋችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ቀን አልፌ በሦስተኛው ወገቤን ይዤ ተኛሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሲጥጥ ይበል ብዬ ተውኩት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ኮምፒውተሩ ላይ «ተመልሷል» ይላል፣ ሼልፉ ላይ ግን የለም። የተመለሰው በእኔ ሺፍት ነው። ኃላፊያችን ትናንት ጠርተው «አንቺ ነሽ የደረደርሽው። እስከ ሳምንት ካልተገኘ ዋጋው ከደሞዝሽ ይቆረጣል» አሉኝ። ደሞዝ ሲሉ እኮ የጥቅምቱ ገና አልተከፈለኝም። ከምኑ ላይ ነው የሚቆርጡት?

እንዲህ ማድረግ ይችላሉ ወይ? ቤተ መጻሕፍት የሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ መጽሐፉ የት ሊገባ እንደሚችል ጠቁሙኝ። እናቴ በስልክ ስነግራት «ዕቃ አጠፋሽ ከሚሉሽ ረሃቡ ይሻልሻል፣ ተዪው» አለች። ልተወው?

---

መንደራ_ሰፈር
ኅዳር 9፣ ማታ 3፡41

እናትሽ ልክ ናቸው። ባጃጁስ? ማታ 2 ሰዓት ወጥተሽ ወደ ግቢ ለብቻሽ ኮንትራት ስትይዢ የቀኑን ግማሽ ለባጃጅ ነው የሠራሽው። ሒሳብ የምታጠኚ አንቺ፣ እንዴት አላሰላሽውም?

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 9፣ ማታ 3፡48

ኢኮኖሚክስ ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም :) ከዚያው የምትሠራ የጽዳት እናት አለች፣ ሰፈሯ በግቢው በኩል ስለሆነ አብረን በእግር ነው የምንሄደው። ዝናብ ከሆነ ብቻ ነው ባጃጅ። እውነት ለመናገር ጅማ ላይ «ዝናብ ከሆነ ብቻ» ማለት ብዙ ቀን ነው።

---

ጋሪ_ገፊ_ነበርኩ
ኅዳር 9፣ ማታ 4፡15

እህቴ፣ እኔ ሁለት ዓመት ገፍቼዋለሁ፣ ያንቺን ጋሪ የሚያስመሰግን ጋሪ። የመጽሐፉን ኮል ነምበር (ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የመደርደሪያ ቁጥር) ከነነጥቡ ጻፊልን፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አንድም ሳታስቀሪ። እኔ ራሴ ስጀምር የምሳሳተው እዚያ ነበር።

616.12 እና 616.2 ቢሰጡሽ የቱን ታስቀድሚያለሽ? እኔ «ሁለት ከአሥራ ሁለት ያንሳል» ብዬ 616.2ን አስቀድም ነበር። ዲዊ (መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ የሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት) ላይ ግን ከነጥቡ ወዲያ አሥራ ሁለት የሚባል የለም። አንድ አለ፣ ቀጥሎ ሁለት አለ። ያሠለጠነኝ ልጅ በብር አስረዳኝና ገባኝ፦ 616 ብር ከ12 ሳንቲም ይበልጣል ወይስ 616 ብር ከ20 ሳንቲም? .2 ማለት 20 ሳንቲም ነው። ሦስተኛ ቁጥር ሲጨመር ሳንቲሙን እየሰነጠቅሽ መሄድ ነው። ስለዚህ የልብ በሽታ (616.12) ቀድሞ፣ የሳንባው (616.24) ይከተላል።

ይቺን እስክረዳ ድረስ ስንቱን የልብ መጽሐፍ ሳንባ ውስጥ እንደከተትኩት አላህ ይወቀው። አሁን እዚያ የሚሠራ ልጅ ካለ ይቅር ይበለኝ።

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 9፣ ማታ 4፡30

615.1 ነው። ከነጥቡ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ስላለው አዩኝ አዩኝ የሚል ቦታ ነው፣ ከ615.1 እስከ 615.9 ሁለቴ ፈትሼዋለሁ።

---

የድሮ_ካታሎገር
ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡05

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ዕድሜዬን በካርድ ካታሎግ መሳቢያ ላይ ነው የጨረስኩት። ሥራ ስጀምር ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የግብርና ኮሌጁ እና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ለየራሳቸው ነበሩ፣ በ1992 ነው ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ከተማችን ውስጥ 610 እና 630 የሚበዛው ለዚያ ይመስለኛል። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ገበሬ።

መጀመሪያ ይህን ልንገርሽ፤ ቦታው የተሳሳተ መጽሐፍ ከተሰረቀ መጽሐፍ ይብሳል። የተሰረቀውን «ጠፍቷል» ብለሽ ትተኪዋለሽ። የተሳሳተው ግን «አለ» እየተባለ የለም፤ አንባቢው ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ተናድዶ ይሄዳል፣ መጽሐፉ ሁለት መደርደሪያ ወዲያ ቁጭ ብሎ። ስለዚህ ኃላፊሽ መቆጣታቸው ያለ ነገር ነው። ደሞዝ መቁረጡን ግን አልደግፍም። እኔ ስንት ሰው ሳሠራ አንድ ቀን አላደረግሁትም።

ፍለጋውን በዓይን አትጀምሪ፣ በእጅ ጀምሪ። ዓይን የሚጠብቀውን ያያል። ጣትሽን በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ እያሳለፍሽ ቁጥሩን በለሆሳስ አንብቢ። 615ን ደክሞት የደረደረ ሰው 651 ውስጥ ይከተዋል፤ 651 የቢሮ አስተዳደር ነው፣ ፋርማሲስት እዚያ አይደርስም። 516ም ጂኦሜትሪ ነው፣ እሱንም እይ። ቀጥሎ መጻሕፍቱን ወደፊት ሳብ እያደረግሽ ከኋላቸው ተንሸራቶ የወደቀ እንዳለ እይ፤ ቀጭን ከሆነ በወፍራሙ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ብዙ ኮፒ ካለው የመመዝገቢያ ቁጥሩን አስተያዪ። ሰርኩሌሽን ላይ ያለው ሰው ኮፒ 2 ተመልሶ ሳለ ኮፒ 3 ብሎ ነክቶት እንደሆነ መጽሐፉ ገና ሰው እጅ ነው። ይህን ኃላፊሽ መጀመሪያ ሊያጣሩት ይገባ ነበር።

ስትጎትቺም መጽሐፍ ከአናቱ አይጎተትም። ሁሉም ሰው ጣቱን ከላይ ሰክቶ ይስባል፣ ጀርባው የሚገነጠለው ለዚያ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጊና መካከሉን ያዢው። መደርደሪያውንም ጢም አታድርጊው። እጅ የማያስገባ መደርደሪያ አንባቢውን ጉልበተኛ ያደርገዋል።

---

ወረቀት_አንባቢ
ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡50

ስለ ቆረጣው። ቤቱ የግል ከሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፣ እዚያ አልገባም)። አንቀጽ 59ን አንብቢ። አሠሪ ከደሞዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢሰጡሽ እንዳትፈርሚ።

ውልሽ የጽሑፍ ነው? ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባ ነበር። ስትለቂም የሠራሽውን ሥራ፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደሞዝሽን የሚገልጽ የሥራ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታቸው ነው። ሰው ይህን አይጠይቅም፣ በኋላ ይቆጨዋል።

---

ቶሎ_ልውጣ
ኅዳር 10፣ ከሰዓት 7፡30

ምን ያረጋል ምስክር ወረቀቱ? «መጽሐፍ መደርደር» ብለሽ ሲቪ ላይ ልትጽፊው ነው? በአራት ዓመት ትምህርት የባንክ ፈተና የምታልፍ ልጅ ጋሪ ስትገፋ። ጉልበት ብዝበዛ ነው፣ ደሞዝ እንኳ አይከፍሉም። ቲቶር ብታደርጊ በሳምንት ሁለት ቀን ይሄን ታገኚ ነበር።

---

ጋሪ_ገፊ_ነበርኩ
ኅዳር 10፣ ከሰዓት 8፡10

@ቶሎ_ልውጣ ደሞዙ ካልተከፈለ ብዝበዛ ነው፣ በዚህ አንከራከርም። ጋሪ መግፋቱ ላይ ግን ተው። እኔ አሁን የምሠራው የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። ለኢንተርቪው ስገባ «አሥር ሺህ ዕቃ ውስጥ አንዱን እንዴት ታገኛለህ?» አሉኝ። ሌሎቹ ስለ ኮምፒውተር አወሩ። እኔ ጋሪዬን ነው ያወራሁት።

---

ቶሎ_ልውጣ
ኅዳር 10፣ ከሰዓት 8፡22

እሺ አንተ ዕድለኛ ነህ። ሁሉም መጋዘን አይገባም።

---

ጂሲ_ነኝ
ኅዳር 10፣ ማታ 2፡55

ስሜ ስለማይታወቅ ልናዘዝ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ፋይናል ሲደርስ እኔና ዶርሜቴ መጽሐፍ እንደብቅ ነበር። ሪሰርቭ (እዚያው ብቻ የሚነበብ) ላይ ሁለት ኮፒ ብቻ የነበረው አናቶሚ (611) ነበር፣ አንዱን ሁሌ እኛ ነበርን የምንይዘው። ሰርቀን አይደለም፣ ከቤቱ አናወጣውም፤ ማታ ስንወጣ ማንም የማይነካው ቦታ እንሸጉጠዋለን፣ ጠዋት እዚያው እናገኘዋለን። ብዙ ቦታ ሞክረናል። ፍልስፍና አስተማማኝ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ሰው ይመጣል። በመጨረሻ ያገኘነው ቦታ 020 ነው። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የላይብረሪ ሳይንስ! ስለ መጽሐፍ አደራደር የሚያስተምሩት መጻሕፍት ያሉበት። አቧራው ላይ የጣታችን አሻራ ብቻ ነበር።

እህቴ፣ 020ን እይ። የፋርማሲ ተማሪዎቹ ሚድ ፈተና አላቸው አሁን።

---

የድሮ_ካታሎገር
ኅዳር 10፣ ማታ 3፡30

@ጂሲ_ነኝ አንተ ልጅ! ስንት ሌሊት ነው እንቅልፍ ያሳጣኸን። ለማንኛውም እግዚአብሔር ይፍታህ።

---

አዌቱ_ዳር
ኅዳር 11፣ ጠዋት 4፡00

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የአማርኛ ልብ ወለድ ፍለጋ ስሄድ የአንድ ደራሲ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ነው የማገኘው። ለምን? ደግሞ የቡና መጽሐፍ ፈልጌ ሦስት ቦታ ላኩኝ፣ በጅማ!

---

የድሮ_ካታሎገር
ኅዳር 11፣ ጠዋት 5፡45

ሁለቱም ያረጁ ቁስሎቼ ናቸው፣ ነካሃቸው።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው። ፈረንጅ በቤተሰቡ ስም ይደረደራል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን የአባት ስም ነው። አበበ ከበደ የሚባል ደራሲ ቢኖር፣ የእኛን ነገር የሚያውቅ ሰው «አበ» ብሎ ሌብሉን ይጽፋል፤ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ወይም ከውጭ የተላከ ካርድ «ከበ» ይለዋል። መጻሕፍቱ እንዲህ ይለያያሉ፣ አባትና ልጅ እንደተጣሉ። ትክክሉ በራሱ ስም ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን አለ፦ ኃይሉን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ሀ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ደግሞ መሀል አገር። እኛ ሦስቱንም እንደ «ሀ» ቆጥረን እንደረድር ነበር፣ ሠ እና ሰንም፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። ግድግዳ ላይ ለጥፈነው ነበር። በየቤቱ ስምምነቱ ይለያያል፤ ያልተስማማ ቤት ግን በየፈረቃው ሌላ ቤት ነው።

ቡናው ደግሞ፣ ተክሉ 633.73 ነው፣ ግብርና ውስጥ። የሚጠጣው 641 ውስጥ፣ ከምግብ ጋር። ንግዱ 338 ውስጥ፣ ኢኮኖሚክስ ጋ። ዲዊ እውቀቱን እንጂ ዕቃውን አይከተልም። በ1876 በፈረንጆቹ ሥርዓቱን ያሳተመው ሰው የጅማን ቡና አያውቀውም ነበር፣ ቢያውቀው አንድ ሙሉ መቶ ይሰጠው ነበር።

---

ሂርማታ
ኅዳር 11፣ ከሰዓት 9፡15

ቡናስ ሦስት ቦታ አገኘ። እስልምናን እዩት። 200 ሃይማኖት ነው፣ ከ220 እስከ 280 ባሉት ሁሉ ክርስትና ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ እስልምና በሙሉ 297 ላይ ተጨናንቋል። ቁርኣን 297.122 ነው። ከነጥቡ በኋላ ገና ሲጀመር ሦስት ቁጥር! የጅማ አንባቢ ግማሹ የሚመጣው እዚያ ሼልፍ ላይ ነው፣ ሌብሉ ግን በመጽሐፉ ጀርባ አልበቃ ብሎ ሁለት መስመር ይወርዳል።

የአፋን ኦሮሞውንም አትርሱ። ከ1984 ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ በላቲን ተራ ነው የሚደረደረው፣ ግን «ዸ» በቁቤ ዲ እና ኤች ነው፤ ፊደል ሲቆጠር ጥንድ ፊደላቱ ከዜድ በኋላ ነው የሚመጡት፣ ኮምፒውተሩ ግን ዲ ውስጥ ይከታቸዋል። እህቴ የምትሠሪበት ቤት የቱን ይከተላል?

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 11፣ ማታ 3፡10

@ሂርማታ ኮምፒውተሩን። አንድ አዛውንት መጥተው በአፋን ኦሮሞ ጠይቀውኝ መጨረሻ ላይ ሲፈልጉ አይቼ፣ ለካ እሳቸው ነበሩ ልክ።

ዛሬ 651 እና 516ን በጣቴ አነበብኩ፣ ጋሼ እንዳሉኝ። የለም። ከኋላ የወደቀም የለም (አንድ የደረቀ የሙዝ ልጣጭ አለ)። 020 ጋ ደግሞ... @ጂሲ_ነኝ አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም። አራት መጽሐፍ ተሸጉጦ አገኘሁ! ሁለት አካውንቲንግ፣ አንድ የወሊድ ሕክምና (618)፣ አንድ ሕግ። በአንደኛው ውስጥ ዕልባት ተብሎ የገባ የካፌ ካርድ አለ፣ ፎቶው ሳይቀር። የእኔው ፋርማኮሎጂ ግን እዚያም የለም።

ካርዱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ፣ ለኃላፊ አልሰጥም። ልክ ነኝ?

---

ጂሲ_ነኝ
ኅዳር 11፣ ማታ 3፡14

ልክ ነሽ። እኔ አይደለሁም ግን፣ እኔ ነን ካፌ ነበርኩ።

---

መንደራ_ሰፈር
ኅዳር 11፣ ማታ 3፡20

ዘንድሮ ሌባው ከነፎቶው።

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 15፣ ማታ 2፡50

ተገኘ!!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከጽዳቷ እናት ጋር ስንወጣ ዝናብ ያዘንና በረንዳ ላይ ቆመን አወራን። «ያ ቁጥሩ የወለቀውስ?» አለችኝ። የቱ? ሰርኩሌሽን ጠረጴዛ ሥር አንድ የወረቀት ካርቶን አለ፣ ላዩ ላይ የአሮጌ ኮምፒውተር ኪቦርድ ተቀምጦበታል፣ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠዋቱ ልጅ ሌብላቸው የወለቀ መጻሕፍትን እዚያ ነው የሚጥለው፣ «በኋላ ይለጠፋል» እያለ። በክረምቱ እርጥበት ሙጫው ለቅቆ ሌብሉ ይረግፋል፤ ጀርባው ባዶ የሆነ መጽሐፍ ሲያገኝ የት እንደሚያስቀምጠው ስለማያውቅ ወደ ካርቶኑ። ተመልሼ ገብቼ ካርቶኑን ገለበጥኩት። አሥራ አንድ መጽሐፍ። ፋርማኮሎጂዬ ከሥር ነበር፣ ሽፋኑ ጥግ ላይ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል። ቁጥሩ በእርሳስ ከውስጥ ተጽፏል፣ 615.1።

ኃላፊያችን ሲያዩት «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ። ስለ ቆረጣው ምንም አላነሡም፣ ይቅርታም አላሉኝም። @ወረቀት_አንባቢ እንዳልከው ውል በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ደነገጡ፣ ግን «ሰኞ» ብለዋል። የጥቅምቱንም ሰኞ ብለዋል። ሰኞ ካልሆነ እናቴን እሰማለሁ።

---

የድሮ_ካታሎገር
ኅዳር 15፣ ማታ 3፡25

ጎበዝ ልጄ። ሻጋታውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ውጭ ወጥተሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ አራግፊው፤ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪው፣ ይብስበታል። ከሌሎቹም ለይተሽ አየር የሚያገኝ ቦታ አቁሚው። ሌብሉን ስትለጥፊ ከላዩ ግልጽ ፕላስቲክ አድርጊበት፣ አለበለዚያ ለግንቦት እንደገና ካርቶን ውስጥ ነው።

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 18፣ ማታ 3፡00

ሰኞ ሆነ። የጥቅምቱ ገባ። ውሉ ግን «እየተተየበ» ነው። እስከ ፋይናል እቆያለሁ፣ ከዚያ አያለሁ። ከጠዋቱ ልጅ ጋር ተስማምተን ካርቶኑ ላይ «ሌብል የሌላቸው» ብለን ጽፈናል፣ ኪቦርዱንም አንሥተናል።

---

ቶሎ_ልውጣ
ኅዳር 18፣ ማታ 3፡35

እንግዲህ ከከፈሉ... የማታ ሺፍት ሌላ ሰው ይፈልጋሉ?

---

ነን_ካፌዋ
ኅዳር 18፣ ማታ 3፡38

ቅዳሜ ሰው የለም፣ መጥተህ ጠይቅ። ጋሪው ግን የእኔ ነው፣ አንተ በክንድህ ነው የምትይዘው።